ሮዳጅ የማይወዱ ሰው

ሂዊዬ፣ መብራቱ ከጠፋ ስንት ሰዓት ሆነው? ከጠዋት ጀምሮ? ... እንግዲህ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። በይ ያቺን አስር ቁጥር መፍቻ አቀብዪኝ። አቮካዶሽ ደግሞ ምን የመሰለ ነው፤ ከቡሬ ነው የመጣው? አውቄዋለሁ፣ የዚህ አካባቢ እንዲህ አይወፍርም። ጄኔሬተርሽ አያሳስብሽ፣ ምንም አልሆነም። ካርብሬተሩ ውስጥ ያደረ ቤንዚን ነው የዘጋው። ፈትቼ ጠርጌ እመልሰዋለሁ፤ እስከዚያ እናውጋ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጡት ጋሼ ምን ነበር ያዘዙት? ስፕሪስ? ታዲያ ትንሽ ይታገሱና። ጁስ ያለ መብራት፣ መብራት ያለ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር ያለ መካኒክ አይሆን። መታገስ ለአንዳንድ ሰው ይከብዳል እንጂ፣ እሳቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ የኛን ወሬም የሚሰሙ አይመስለኝም።

ሞተር ሲነሳ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። አንቺ አታውቂያቸውም ... ስማቸውን ልነግርሽ ነበር፤ ግን የትልቅ ሰው ስም በቅባት እጅ አይነሳም። እኚህ ሰው የማያውቁት ነገር የለም ነው የምልሽ። ቢሯቸው ኮምፒውተር ሲበላሽ ባለሙያው እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ራሳቸው ይከፍቱታል። ባለሙያው ሲመጣ ታዲያ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ሁለት ቀን ይወስድበታል። ለሰው የሥራ ዕድል መፍጠር ይሉሻል ይሄ ነው።

የእህታቸው ልጅ ከዱባይ ሲመጣ መኪና ይዞላቸው መጣ። መኪና ስልሽ የሪሞት ናት፣ ክንድ ብታህል ነው። በባትሪ የምትሄደው የልጅ መጫወቻ እንዳትመስልሽ ግን። እውነተኛ ሞተር ነው ያላት። ፒስቶኗ የአውራ ጣቴን ጫፍ ታህላለች፤ ካርብሬተር አላት፣ ጭስ የምትተፋበት ማርሚታ አላት፣ ናይትሮ የሚባል የራሷን ነዳጅ ነው የምትጠጣው። ጭሷ፣ ጩኸቷ ... ሂዊ፣ ሃያ ዓመት ሞተር ስፈታ እንደዚያች ያለች አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገና ሳያት ነው የወደድኳት።

ጋራዤ ድረስ ይዘዋት የመጡት እሳቸው ናቸው። «የብርጓል፣ ይቺን ያለ አንቺ የሚያስነሳት የለም» አሉኝ። ስሜን እንዴት አሳምረው እንደሚጠሩት ብትሰሚ። ያኔ ገና ያውቁት ነበር።

መመሪያዋ በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው አነበቡ፣ እኔ ሰማሁ። ንባቡን እንደሆነ ይችሉበታል፤ እንደ ውሃ ነው የሚያንቆረቁሩት። ካነበበውና ከሰማው ማን እንደገባው ግን ኋላ ነው የታየው።

አዲስ ሞተር ሮዳጅ ይፈልጋል፣ ይሄን አንቺም ታውቂያለሽ። አዲስ ባጃጅ ወጥታ በማግስቱ ደጀን ድረስ ትጋልባለች? ፒስቶኑና ሲሊንደሩ እስኪላመዱ ቀስ ይባላል። የዚች ሮዳጅ አምስት ታንክ ነው፤ ታንክ ስልሽ ከሲኒ የማትበልጥ። ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ እንጨት ላይ ትሰቅያታለሽ፣ እሳት የምትሰጣትን ካንዴላ በባትሪ ታግያለሽ፣ ገመዷን ሳብ ሳብ ታደርጊና ትነሳለች። ከዚያ በሚኒሞ ብቻ፣ ጋዝ ሳትሰጫት፣ ታንኩን ትጨርሳለች። ታጠፊያታለሽ፣ እስክትበርድ ትጠብቂያለሽ፣ ደግሞ ትሞያለሽ። ነዳጁን ወፈር አድርጌ፣ ከአየሩ አብዝቼ ነበር ያስተካከልኩላቸው። የኛ አገር አየር ቀጭን ነው፤ ዓባይ በረሃ ላይ የተስተካከለ ካርብሬተር እዚህ ሲወጣ ይታነቃል፤ ስለዚህ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው ያገኘሁት። ታጨሳለች፣ ታጭስ። የሞተሯ ዘይት ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው፤ ሌላ ዘይት የላትም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኳቸው። ሳቁ። ለካስ የእሳቸው እንቁላል የሚበር ኖሯል።

ሁለት ታንክ አብረን ጨረስን። ደስታቸውን ብታዪ፣ ሪሞቱን እንደ ታቦት ነው የያዙት። እኔም አልዋሽሽም፣ ከሥራ በኋላ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የቀረውን ሦስት ታንክ ለእሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ብለን ተቀጣጠርን። እሳቸውም «እንዳልሽ» አሉ።

ቅዳሜ ታዲያ ምን ሆነ ... ይሄን ብሎን ያዢልኝ፣ እንዳይጠፋ። አዎ፣ ቅዳሜ። እሳቸው እኮ ደግ ናቸው፤ ደስታን ብቻቸውን መብላት አይሆንላቸውም። የቢሮውን ሰው በሙሉ ሜዳ ጠሩ፤ ለእኔ ሳይነግሩ። ጌቱም ነበር። ጌቱን ታውቂዋለሽ፣ ባለ አምስት ባጃጁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አምስቱንም እኔ ዘንድ ነው የሚያሠራው ... ያሠራ የነበረው። የጋራዤ እንጀራ ግማሹ እሱ ነው።

ሲያስነሱ ሪሞቱ ይቅደም፣ ሲያጠፉ መኪናዋ ትቅደም ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው መኪናዋን አስቀደሙ። የሚያዛት የሌላት መኪና የት ትሄዳለች? ሄዳ ጥግ ላይ ድንች ከምትሸጥ ሴትዮ ማዳበሪያ ውስጥ ገባች። ድንቹ ተበተነ፣ ሰው ሳቀ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሙከራ ነው።» ትልቅ ሰው አይሳሳትማ፤ ይሞክራል እንጂ።

ቀጥሎ ጭሱ አሳፈራቸው። ከቢሮው ሰው አንዱ «ይቺ ነገር አሟታል እንዴ፣ ታጨሳለች» ቢላቸው ብሎን መፍቻ አወጡና እኔ ያወፈርኩትን አቀጠኑት። ጭሱ ጠፋ፣ ጩኸቷ አማረ፣ ሰው አጨበጨበ። ለጭብጨባ ደግሞ ሙሉ ጋዝ ነው የሚገባው፣ አይደል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። በዚህ እንኳ እሳቸው አይታሙም፤ መቼ ታጠቁና ይፈታል።

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ናይትሮ ለሦስት ታንክ ሮዳጅ ይበቃ ነበር። ለጭብጨባ ግን አልበቃም። ሰው ገና «ይደገም» እያለ ነዳጁ አለቀ። ናይትሮ ደግሞ አዲስ አበባ ተልኮበት፣ ተለምኖ ነው የሚመጣው።

አሁን ነው አዋቂነታቸውን የምታዪው። መመሪያዋ ላይ ነዳጁ አልኮል አለው ይላል። አንብበዋላ። አልኮል ከሆነ ታዲያ የምን አዲስ አበባ? ጎጃም ተቀምጦ አልኮል አጣሁ የሚል ማነው? ማሬን ታውቂያታለሽ፣ ከሜዳው ጀርባ አረቄ የምትሸጠውን። ከእሷ ቤት ግማሽ ሊትር ዳግም አስመጡ፤ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ ክብሪት ሲነካው ሰማያዊ የሚነደውን። ለሰው ነዳጅ ነው ብለው ታንኩን ሞሉላት። ስንት ሰው ነው አረቄ ጠጥቶ መኪና የሚያበላሸው፤ እሳቸው ግን አንዲት ጠብታ አልቀመሱም፣ ሁሉንም ለመኪናዋ። እንዲህ ለራሱ የማይል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

አረቄ ውስጥ ግን ዘይት የለም፣ ሂዊዬ። ታንኩ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ናይትሮ አስነሳቻት። አንድ ዙር ሮጠች አሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጮኸች፣ ከዚያ ጸጥ። ፒስቶኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሳ ቀረች።

እስከዚህ ድረስ ምንም አይደል። ጀማሪ ያበላሻል። እኔስ የመጀመሪያዋን ባጃጅ ዘይት ሳልሞላ አስነስቻት የለ? ሳምንት ሙሉ ነው ያለቀስኩት። ለባለቤቷ ግን በዕለቱ ነገርኩት፤ ሰደበኝ፣ ከዚያ ታገሰኝ፣ ዛሬም ደንበኛዬ ነው። ማበላሸት ነውር የለውም።

እሳቸው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ምን አሉ መሰለሽ? «የብርጓል ነካክታት ነው። ድሮም ሞተር የሴት እጅ አይወድም።» ጌቱ ፊት። ... የሰማ ሰው ነው የነገረኝ፤ መጀመሪያ አላመንኩትም። ቆይቼ ሳስበው ግን አደነቅኳቸው። እኔ ብሆን እንዲያ ያለ ውሸት ከመናገሬ በፊት ቢያንስ አምስት ታንክ ሮዳጅ እፈልግ ነበር። እሳቸው ሳይሞቁ፣ ሳይንተባተቡ፣ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጋዝ። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እሳቸው የሚያውቃቸው ሰው መሀል ቆመው ነው ያስነጠፉት። ይሄ ድፍረት ካልተደነቀ ምን ይደነቃል?

ሰኞ የጌቱ ባጃጆች አልመጡም። ማክሰኞም። ደጄን እያለፉ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ፤ ሹፌሮቹ እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ያዞራሉ፣ አፍረው ነው መሰለኝ። አስያ አብራኝ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። እንዲህ ከቀጠለ በሚመጣው ወር ለአስያ ምን እንደምላት አላውቅም። ሌሊቱን ሳስበው ማደሬን ለእሷ አልነገርኳትም።

መኪናዋ? ረቡዕ ጠዋት በካርቶን ሆና ደጄ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያመጣት ሰው የለም። ትሑት ናቸው፤ አመሰግናለሁ እንዳልላቸው ሸሽተው ነው። አስገብቼ ካንዴላዋን ነቀልኩ። የወጣው ሽታ ... ጋራዥ አይደለም፣ የሠርግ ማግስት ነው የሚሸተው። አስያ ሙስሊም ናት፣ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ያን ዕለት ከሰዓት ማሬ «ጠርሙሴ እናንተ ጋ ቀርቶ እንደሆን» ብላ መጣች፤ «ዳግሙን ለመኪና ነው ብለው ነው የወሰዱት» ብላ ሁሉን ዘረገፈችልኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኳትም። መኪናዋን አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ፤ አዲስ ፒስቶን ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። እሷ ምን አጠፋች?

ለምን ለጌቱ ራስሽ አትነግሪውም ትይኝ ይሆናል። እኔ ብነግረው «ስሟን ለማጽዳት ነው» ነው የሚለው። ማሬ ብትነግረው አረቄ ሻጭ ነች ይላል። ከእሳቸው አፍ ነው መውጣት ያለበት። ካሳ አልፈልግም፤ ይቅርታም ቢሆን ይቅርብኝ። «ጌቱ፣ አረቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» ይቺኑ ነው። አምስት ቃል፣ ለአንድ ባጃጅ አንድ ቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ እኔ መች ካድኩ ... ደብረ ማርቆስ ሰኔ ላይ ግን ጉሙ እስከ አራት ሰዓት አይነሳም፤ እስከዚያ ሰው ጋራዡን ይዘጋል።

በይ ገለል በይልኝ፣ ልሳበው። ... ሰማሽ? አንዴ ብቻ ነው የሳብኩት። አብሪው፣ መፍጫሽን አስነሺ። የጋሼን ስፕሪስ አስቀድሚላቸው፤ ስንት ሰዓት ጠበቁ። ደግሞ እንዳታቀጥኚባቸው።

ኧረ ጌቱ ... ግባ እንጂ፣ ዝናብ ላይ ምን ያቆምሃል? እዚያ መስኮቱ ጋ፣ ጋሼ አጠገብ ወንበር አለ። ማን አስነሳው ነው የምትለኝ? ጄኔሬተሩን? እንጃ፣ በራሱ ሳይነሳ አልቀረም። እኔማ ሞተር ነክቼ ምን ሊውጠኝ። በል ተቀመጥ።

ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ነበሩ ለካ። ይቅርታ፣ አላየሁዎትም፤ ለሂዊ ስለ አንድ ሰው እያወራኋት ወሬው ይዞኝ ሄደ። ይኸው ጌቱም መጣልዎት። ጨዋታ ካላችሁ እኔ ጓሮ ሄጄ እጄን ልታጠብ፣ ቀስ ብዬ ነው የምታጠበው ... እ? ... የለም? ... ሊሄዱ ነው? ስፕሪሱን እኮ አሁን ነው ያቀረበችልዎት፤ አልቀመሱትም። እሺ፣ ሥራ ካለ ምን ይደረጋል። ጃንጥላዎን እንዳይረሱ።

አንዴ ብቻ ይቁሙልኝ ጋሼ። ያን ያማኋቸውን ሰው ሳልመርቅ ብተው ኃጢአት ይሆንብኛል፤ በትልቅ ሰው አሜን ደግሞ ምርቃት ይጸናል። ጌቱ፣ አንተም ተነስ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸውን ይባርክ፣ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፣ መኪናቸውንም ያስነሳላቸው። ክፉ ቀን አይምጣባቸው። ከመጣም ግን፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው፣ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ቢናገርላቸው የሚድኑበት ቀን ከመጣ፣ አምላክ ያን ቀን ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ወዳጅ አጠገባቸው ያቁምላቸው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ።