ዴልሂ፣ የባቡሩ በር ላይ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ከነቀምቴ እዚህ ቅርብ ጉቴ ድረስ ለመሄድ እንኳ መኪናው እስኪሞላ ቁጭ ብለን ነበር የምንጠብቀው። ታዲያ ካቻምና ጫልቱ፣ ይቺ አጠገቤ ያለችው ባለቤቴ፣ ልቧን ታመመችና ልጆቻችን ለሕክምና ዴልሂ ላኩን። አንድ ቀን ሆስፒታል የሚያመላልሰን አስተርጓሚ ቀረ፤ እኛም መንገዱን ለምደነዋል ብለን ብቻችንን ወጣን። እስከ ጣቢያው በባጃጅ ነው፣ ባጃጁስ የእኛው ባጃጅ ነው።

ባቡሩ ግን ሌላ ነው። ከመሬት በታች ነው የሚሄደው፣ ስሙኝ፣ ከመሬት በታች። ደረጃው ራሱ እየሄደ ያወርድሃል፣ እና መጀመሪያ ነፋሱ ይመጣል፣ ከዚያ እሱ ይመጣል፣ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ይወጣል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ይገባል፣ እና ይሄዳል። ማንንም አይጠብቅም፤ ወዲያው ሌላው ከኋላው ይደርሳል። እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ፈጣሪ ለሰው የሰጠው አእምሮ እንዴት ያለ ነው አልኩ።

ታዲያ ጫልቱ ቀድማ ገባች። ልከተላት ስል አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ አጠገቤ ደረሱ። እንግዲህ አባት ናቸው፣ እንዴት ቀድሜያቸው እገባለሁ? በእጄ ይግቡ አልኳቸው። እሳቸውም በእጃቸው አንተ ግባ አሉኝ።

«ኧረ በማርያም፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ በአማርኛ።

እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። ጫልቱ ከውስጥ «ኮቱ፣ ና እንጂ» ስትል ሰማሁ፣ እና በሩ ድርግም አለ። በመስታወቱ ፊቷን አየሁት፤ ባቡሩ ይዟት ሄደ።

ሲያፍናት ከምላሷ ሥር የምታደርገው ክኒን እኔ ኪስ ነው፣ እሷ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ሽማግሌውም ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ፣ እና ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ ያን ጊዜስ አልተግደረደሩም፣ ጎትተው አስገቡኝ።

የሚቀጥለው ጣቢያ ስንወርድ ጫልቱ ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ አንዲት የማናውቃት ሴት በሻርፗ ታራግብላታለች። ክኒኑን ሰጠኋት። ትንፋሿ መለስ ሲል ሽማግሌውን አየቻቸውና፣ «እኚህ ናቸው ከእኔ የበለጡብህ?» አለችኝ። እኔም የቀረውን ክኒን እጇ ላይ አስያዝኳት።

እንግዲህ የዚያ አገር ሰዎች ያን የሚያህል ሥራ ሠርተዋል፣ አንዱ ባቡር ቢያመልጥህ ተተኪው ከኋላው አለ። ለእሷ ግን ተተኪ ከየት አመጣለሁ?

(ጫልቱ ሳቀች።) «ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»