የጥርስ ሠሪው መርከብና ሃምሳ ስምንተኛዋ ቁራጭ

ሥራችሁን ትታችሁ፣ መንገዱን ችላችሁ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሆይ፤ አሁን የሚነበበው ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» እያለ ይጠራቸው የነበሩት የጥርስ ሠሪው ዜና ሕይወት ነው። የጻፈውም የሚያነበውም ታላቅ ወንድማቸው ነው። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜውን በዕቃ ግምጃ ቤት የጨረሰ ሰው ስለሆነ በአጻጻፉ ስሕተት ቢገኝ ይቅር በሉት። ሌላ ስሕተትም አለበት፤ እሱ በቦታው ስለሚነገር እስከ መጨረሻው ታገሡት።

ካፒቴን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው እንጨት ሲልጉ የሚወድቀውን ፍቅፋቂ እየለቀሙ፣ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የክብሪት ቀፎ የምታህል ወንበርና አልጋ ይሠሩ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ታላቅ ወንድማቸው ቤት ውስጥ ኳስ ሲያነጥር የፋኖሱን መስታወት ሰበረ። አባት «ማን ነው?» ብለው ሲቆጡ ታላቁ ከበሩ ኋላ ተሸሸገ፤ ታናሹ ግን «እኔ ነኝ አባዬ» ብለው ቀርበው ተገረፉ። በኋላ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ቢላቸው «አንተ ትልቅ ስለሆንህ አብዝተው ይመቱሃል» አሉት። ይህ የልጅነት ነገር እዚህ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀጥረው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራትን ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ተማሩ። ክፍሏ ጀሶ የለበሰች፣ ሰም ሰም የምትሸት፣ በመደርደሪያዋ ላይ የሰው መንጋጋ ቅርጽ ስም ተጽፎበት የተደረደረባት ነበረች። «ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ» እያሉ ይቀልዱባት በነበረችው በዚያች ክፍል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠሩ። «የማላውቃቸው ብዙ ሰዎች በእኔ ጥርስ ይስቃሉ» ይሉም ነበር። ሥራቸውን የሚያመሰግን ሲመጣ ግን ፊታቸው ይጨልማል፤ ጥሩ ጥርስ ማለት ማንም ልብ ያላለው ጥርስ ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

ከአዋላጅ ነርስ ባለቤታቸው ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት በፍቅር ኖሩ። ባለቤታቸው «እኔ ጥርስ ሳያበቅሉ የመጡትን እቀበላለሁ፣ አንተ ጥርሳቸውን ጨርሰው የመጡትን ትቀበላለህ፤ መሐል ያሉትን ማን ይያቸው?» እያሉ ያስቋቸው ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው፣ ወንዱን ለከባድ መኪና ሹፌርነት፣ ሴቷን ለመምህርነት አብቅተዋል። ባለቤታቸው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያርፉ፣ እሳቸውም በዓመቱ ጡረታ ሲወጡ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ካፒቴንም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮት መስኮት ማየት አመጡ።

ይህን ያየው ልጃቸው ጭነት ካደረሰበት አንድ የወደብ ከተማ ካርቶን ይዞላቸው መጣ። ካርቶኑ ላይ ግራጫ የጦር መርከብ ተስሏል፤ ላፋዬት የሚባለው ዓይነት የፈረንሳይ ፍሪጌት ነው። ውስጡ ደግሞ እንደ ወይን ዘለላ በየግንዱ የተንጠለጠሉ፣ ቁጥር ቁጥር የተጻፈላቸው የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ነበሩ። መመሪያው በፈረንሳይኛ ቢሆንም «ቁጥርና ሥዕል አስተርጓሚ አይፈልግም» ብለው ወረንጧቸውን፣ ሞረዳቸውንና የጥርስ ሰማቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ፣ ሰፈሩ በቀልድ «ካፒቴን» ያላቸው ያኔ ነው።

ተሠርታ ስታልቅ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆነውን ይህችን መርከብ የወደዱበት ምክንያት ነበራቸው። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ጎኗ ለምን እንዳጋደለ ታውቃለህ? የራዳሩ ጨረር ነክቷት ወደ መጣበት እንዳይመለስ ነው። ያን ሁሉ ብረት ይዛ፣ ከሩቅ ለሚፈልጋት ትንሽ ጀልባ ትመስላለች። እንደኔ ጥርስ በያት!» ይሉ ነበር። «በላት» ማለታቸው ነው፤ መርከቧን ሲያወሩ ከባለቤታቸው ጋር የሚነጋገሩ እየመሰላቸው አንደበታቸው ይሳሳት ነበር።

መርከቧን በጀመሩ በወሩ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም እጃቸውን ያዘው። ከዚያ በኋላ መሥራት የሚችሉት መድኃኒታቸው እጃቸውን ጸጥ በሚያደርግላቸው አንድ ሰዓት ብቻ ስለነበር፣ ሌላ ሰው በሁለት ወር የሚጨርሰው መርከብ ስድስት ዓመት ፈጀ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ አብሯቸው ይኖር የነበረው ወንዱ ልጃቸው መንገድ ላይ ስለሚውል፣ የሚንከባከቧቸው ምራታቸው ነበሩ። ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት ማሽናቸው ሲሽከረከር ወለሉን አልፎ የካፒቴንን ጠረጴዛ ያንቀጠቅጠው ስለነበር፣ በዚያች አንድ ሰዓት ማንም ሳይጠይቃቸው እግራቸውን ከመርገጫው ያነሡ ነበር። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቢያጉረመርም እንኳ «አባባ እየሠሩ ነው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ!

ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ዕቃ ያዥ ሆነላቸው። ጥንቁቅ ነኝ ባይ ነበር፤ በግምጃ ቤት በሠራበት ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ብሎን እንኳ ጠፍታበት አታውቅም። ቁርጥራጮቹን ቁጥር በተጻፈባቸው የክብሪት ቀፎዎች ከፋፍሎ ያስቀምጥና፣ ተራዋ የደረሰችውን ነጭ ጨርቅ ላይ አውጥቶ በደብተሩ ላይ ምልክት ያደርግባታል። ካፒቴንም «ያለ አንተ ፊርማ ይህች መርከብ ከወደብ አትወጣም» እያሉ ይስቁበት ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ሥራው በሚያልቅበት ቅዳሜ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። የቀረችው ሃምሳ ስምንተኛዋ ቁራጭ ብቻ ናት፤ ከምሰሶው ጫፍ የምትቀመጥ፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ የራዳር አንቴና። ወንድማቸው ከቀፎዋ አውጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጣት፣ ደብተሩ ላይ ምልክት አደረገ። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሁለቱ ወንድማማቾች ከእንግዶቹ ጋር ደጅ ሻይ ጠጡ፤ ምራታቸውም በዚያ መካከል የክፍሉን ወለል ጠረጉ። ሲመለሱ ቁራጯ የለችም።

ካፒቴን ወንድማቸውን አዩት። እሱም ከተጠያቂነት ለመሸሽ አፉ ቀደመው፤ «ከእጄ ወጥታ ጨርቁ ላይ አድራለች፣ ተመዝግባለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ የገባው መጥረጊያ ብቻ ነው» አለ። ይህን ቃል ያለው እሱ ነው፤ ካፒቴን አይደሉም። ካፒቴን ግን ወንድማቸውን አምነው፣ በሕይወታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰውዬ፣ ዛሬ እዚህ በቆማችሁት በብዙዎቻችሁ ፊት ምራታቸውን «ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ጠርገሽ ጣልሽው! ሁለተኛ እዚህ ክፍል እግርሽ እንዳይረግጥ!» አሏቸው። ምራታቸው «አባባ፣ ጠረጴዛው አጠገብ አልደረስኩም እኮ» አሉ፤ ጥራጊውን መሬት ላይ ዘርግፈው፣ ተንበርክከው በዱቄት ወንፊት ነፉት። ወንድማቸው በአጠገባቸው ቆሞ «ደግመሽ ንፊው» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይኸው ወንድም ሱሪውን በብሩሽ ሲያጸዳ ሃምሳ ስምንተኛዋ ቁራጭ ከሱሪው ግርጌ እጥፋት ውስጥ ወደቀች። ከጠረጴዛው ሲነሣ እጅጌው ጠርጓት ኖሯል። ያን ዕለት ተነሥቶ ቢሄድ ኖሮ ሁሉም በሳቅ ባለቀ ነበር። እሱ ግን አሰበ፤ ማሰብ ሁልጊዜ ያጠፋዋል። የሠላሳ አንድ ዓመት ስሙን አሰበ፤ ጎረቤት ምን እንደሚል አሰበ። በመጨረሻም ቅዳሜ ሲሄድ ከጠረጴዛው ሥር ጥሎ «ይችትና!» ሊል ወሰነ።

ቅዳሜ ሲደርስ የስፌት ማሽኑ መኪና ላይ ተጭኗል። ልጅየው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሌላ ቤት ተከራይቶ እየወጣ ነበር። ካፒቴን ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ከጥርስ ሥራ የተረፈ፣ ለድድ የሚሆን ሮዝ ፕላስቲክ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ይሞርዳሉ። አዲስ ራዳር እየሠሩ ነበር። «ይኸውልህ፣ መርከቧ ድድ አበቀለች» አሉት፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ወንድማቸው ቁራጯን የከተተባትን የክብሪት ቀፎ ኪሱ ውስጥ እንደጨበጠ ሻይ ጠጥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ምራታቸው ወደዚያ ቤት አልመጡም፤ የልጅ ልጃቸው ብቻ ከአባቷ ጋር ትመጣ ነበር። ካፒቴንም ኩራት ይዟቸው «ነይ» ብለው አልላኩባቸውም። ወለሉ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ያለ ሆነ፣ ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጥ ነገር ጠፋ፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሠሩም። ወንድማቸው ለአራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቀፎዋን በኪሱ ይዞ ሲመላለስ፣ ውሸት ሲያድር ሥር እንደሚሰድ በገዛ ራሱ አየ።

ባለፈው ወር ሕመማቸው ጠንቶ አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ቀን ወንድማቸውን ለብቻው ጠርተው «ልጅቷን በድያታለሁ። በባሏ አፍ አይሆንም፤ ታላቅ ሰው ይሂድ። አንተ ሄደህ ጥራልኝ። ቁራጭ ፕላስቲክ ከሰው አስበለጥኩ፣ ይቅር ትበለኝ በላት» አሉት። «እሺ» አለ። አልሄደም። ሁለቱ የተገናኙ እንደሆነ ነገሩ ይተረተራል ብሎ ፈራ። በሳምንቱ ቢጠይቁት «ሥራ በዝቶባታል፣ ትመጣለች» አላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ያኔም «ነገ» አላቸው። በር በተከፈተ ቁጥር ዓይናቸውን ያነሡ ነበር። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ወንድማቸው ለዛሬ ብሎ የመርከቧን አቧራ ሲጠርግ፣ ሮዟ ራዳር ሳትሰበር ከጨርቁ ጋር ተነሥታ መጣች። ከሥሯ ማጣበቂያ የለም፤ ሰም ብቻ ነው። የጥርስ ሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ በሰም የሚያዝ ጥርስ ለመለኪያ እንጂ ለዘለቄታው አይደለም። ሌላውን ሁሉ በማጣበቂያ ያጸኑት ካፒቴን ያችን ቦታ ብቻ አራት ዓመት ሙሉ ክፍት አድርገው ጠብቀዋል።

ምራታቸው በሰው ፊት ስለተሰደቡ ይህ ነገር በሰው ፊት ተነበበ፤ በአደባባይ የጠቆረ ስም በጓዳ ታጥቦ አይነጣም። ልጄ ሆይ፣ ቁራጯን የወሰደው መጥረጊያሽ አይደለም። ወንድምየው ለራሱ ይቅርታ ለመጠየቅ ፊት የለውም፤ የተላከውን ግን፣ ላኪው ሳይሰሙት፣ ዘግይቶ ያደርሳል፤ «ቁራጭ ፕላስቲክ ከሰው አስበለጥኩ፣ ይቅር በይኝ» ብለውሻል። መርከቧ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ የክብሪት ቀፎዋም አጠገቧ ናት። ቦታዋ ላይ መትከልም መተውም የአንቺ ነው።

ካፒቴን ከኋላቸው ስድስት ዓመት ማሽናቸውን ያቆሙላቸውን ልብስ ሰፊ ምራታቸውን፣ ሹፌር ልጃቸውን፣ መምህርት ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ይህን የሚያነበውን ታላቅ ወንድማቸውን ትተዋል። የሌላውን ጥፋት በገዛ ጀርባቸው የተቀበሉትን የዚያን የስምንት ዓመት ልጅ ነፍስ ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለቤተ ሰቡም መጽናናትን ይስጥ፤ ለወንድማቸው ግን ከመጽናናት በፊት የሚያስፈልገውን እሱ ያውቃል።