በባዕድ ጀግና ስም የተጠሩት ባሕረኛ፦ የአቶ ፍቅረማርያም ብርሃነ ሥላሴ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ውሽንፍሩ ሳይበግራችሁ ከስቶክሆልም ዙሪያ ከሁዲንጌም ከሶልናም ከሩቅ ከተሞችም መጥታችሁ ይህን ቤተሰብ የምታጽናኑ ወገኖች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የአቶ ፍቅረማርያም ብርሃነ ሥላሴን ታሪክ፣ እርሳቸው ራሳቸው ምንም ሳይሸሸግ እንዲነበብ በተናዘዙት መሠረት፣ እናሰማችኋለን።

አቶ ፍቅረማርያም ከአባታቸው ከአቶ ብርሃነ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሚቱ በ1937 ዓ.ም. በዝዋይ ሐይቅ ከሚገኙት ደሴቶች በአንዱ ተወለዱ። በተወለዱበት ሳምንት አጎታቸው ከታንኳ ወድቀው ሐይቁ ስላስቀራቸው፣ ወይዘሮ ደሚቱ ይህ ልጅ ከውሃ እንዲርቅላቸው ተስለው ነበር። ይሁን እንጂ በደሴት ላይ የተወለደ ልጅ ከውሃ የሚሸሽበት አቅጣጫ ስለሌለው፣ አቶ ፍቅረማርያም በወጉ መሮጥ ሳይችሉ ዋና ለመዱ።

ፊደል በደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በመቂና በአዲስ አበባ ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. በባሕር ኃይል ተቀጥረው ምጽዋ ወረዱ፤ በዚያም የመርከብ ሞተር ሙያ ተማሩ። አንድ ቀን በልምምድ ጉዞ ላይ ሳሉ በሞተሩ ክፍል የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ ከኖርዌይ የመጡት አሠልጣኝ ከውስጥ ሲቀሩ፣ ወጣቱ ፍቅረማርያም ራሳቸውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ገብተው፣ እንፋሎቱን ዘግተው፣ መምህራቸውን ጎትተው አወጧቸው። አሠልጣኙም ከዚያች ዕለት ጀምሮ «ቶርደንሾልድ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ቶርደንሾልድ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስዊድንን በባሕር ላይ የተዋጋ፣ ገና በወጣትነቱ አድሚራል የሆነ የኖርዌይ ሰው ነው፤ የስሙም ፍች የነጎድጓድ ጋሻ ማለት ነው። በአገራቸው የጦር መርከቦችም ጎዳናዎችም በዚህ ስም እንደሚጠሩ አሠልጣኙ በኩራት ሲነግሯቸው ቆይተው፣ ያ ጀግና ከስንት የባሕር ውጊያ ተርፎ በሠላሳ ዓመቱ በየብስ ላይ፣ በአንድ ጠብ ሰበብ በሰይፍ ተወግቶ መሞቱን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩላቸው።

ስሙ በጦር ሰፈሩ ተዛመተ። አቶ ፍቅረማርያም ከወደቀችበት አንሥተው የጠገኗትን አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባም ባሕረኞቹ በቀልድ «ቶርደንሾልድ» ብለው ጻፉባት። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ተፈልጋ ሰውየው ሲመጡ፣ ሰውየው ተፈልገው ጀልባዋ ስትመጣ፣ ወደቡ በሣቅ ይሞላ ነበር። አንድ አዛውንት መርከበኛ ብቻ፣ ነፍስ ያለውንና ነፍስ የሌለውን በአንድ ስም መጥራት ደግ እንዳልሆነ ደጋግመው ቢናገሩም፣ የሰማቸው አልነበረም።

በ1982 ዓ.ም. የካቲት ወር ጦርነቱ ምጽዋ ሲገባ፣ የዚያች ጀልባ ነጂ አቶ ፍቅረማርያም ራሳቸው ወደ ባሕር ኃይል ያስገቡት ታናሽ ወንድማቸው ማስረሻ ነበር። ጀልባዋ ቁስለኞችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን አሳፍራ፣ የመድፉ ድብደባ ጋብ እስኪል ከወደቡ መጋዘን ጥግ እንድትቆይ ታዝዛለች። በዚህ መካከል ራቅ ብሎ የቆመው ትልቁ መርከብ ሞተሩ ስላስቸገረ፣ አዛዡ ባለሙያቸውን ፈልገው በሬዲዮ «ቶርደንሾልድ፣ ወደ መርከቡ፣ ባስቸኳይ!» ብለው ተጣሩ። አቶ ፍቅረማርያም ሬዲዮውን ለወንድማቸው ትተው መሣሪያ ሊያመጡ ሄደው ነበርና፣ ሲመለሱ ጀልባዋን እንደ ጭጋግ በወረደው የመድፍ ጢስ ውስጥ ከባሕሩ መሐል አዩዋት። ቢጮኹም ድምፃቸው አልደረሰም። ጀልባዋ ከዐይናቸው ፊት ተመትታ ሰጠመች። የተጠሩት እርሳቸው እንጂ ጀልባዋ እንዳልነበረች አዛዡ በነገሯቸው ጊዜ፣ ወንድሜን የገደለው ስሜ ነው ብለው ያ ስም ዳግመኛ እንዳይነሣባቸው ባልደረቦቻቸውን አስማሏቸው።

በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ አብረው የወጡት አቶ ፍቅረማርያም፣ ከካምፕ ኑሮ በኋላ ስቶክሆልም ገብተው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ወደ ደሴቶቹ በሚመላለሱት ጀልባዎች ላይ በሞተረኛነት እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። በረዳት ነርስነት ከሚሠሩት ከወይዘሮ ኢየሩሳሌም ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ሚካልንና ዕንባቆምን ወለዱ። ጨዋታ የሚያውቁ፣ የጎረቤትን የተበላሸ ዕቃ ሳይጠግኑ የማያድሩ ሰው ነበሩ። ሆኖም ከኋላቸው ስማቸውን የጠራ ሰው ሲኖር ይደነግጣሉ፤ ጭጋግ የወረደ ዕለት ደግሞ እህል አይቀምሱም ነበር። ቤተሰባቸውም ምክንያቱን ሳያውቅ እነዚያን ቀኖች መፍራት ለመደ።

ሚካል ባደገች ጊዜ እንደ አባቷ ባሕር ወዳድ ሆና አንዲት ትንሽ ጀልባ ገዝታ በከተማዋ በሶደርማልም ደሴት ዳርቻ አቆመች። የአባቷ የጥንት ባልደረባ አቶ ሀይሌ መሐላውን ዘንግተው የአባቷን የወጣትነት ስም ነግረዋት ስለነበር፣ ታስደስታቸው መስሏት ስሙን በነጭ ቀለም አስጽፋ አባቷን ወስዳ አሳየቻቸው። አቶ ፍቅረማርያም ጽሑፉን ሲያነቡ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ፍቂው፣ ልጄ» አሏት።

እርሷም የጀልባን ስም መለወጥ ገድ ያሳጣል እንደሚባል በስዊድንኛ መለሰችላቸው። ምክንያቱን ብትጠይቃቸው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ስሙም እንዳለ ቀረ።

በዚያው ዓመት ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ሚካል ብቻዋን ወጥታ ሳለ ጭጋጉ ባሕሩን ሸፈነው፤ ስልኳም መልስ አጣ። አቶ ፍቅረማርያም ከሚኖሩበት ከሁዲንጌ በፔንደልቶግ ባቡር ገሥግሠው ከውሃው ዳር ቆሙ። የነፍስ አድን ሠራተኞች በስልክ የጠፋችውን ጀልባ ስም ሲጠይቋቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላነሡትን ስም በገዛ አፋቸው ለመጥራት ተገደዱ። ልጃቸው ሞተሯ ጠፍቶባት ኖሮ፣ ሳይመሽ በሌላ ጀልባ ተጎትታ በደኅና ተመለሰች። አቶ ፍቅረማርያም ቤት እንደገቡ የማስረሻን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለቤተሰባቸው አወጡ። ሚካል በማግሥቱ ሄዳ ስሙን ፋቀችው።

ወይዘሮ ኢየሩሳሌም ይህን ሲሰሙ አንዲት የሥራ ጓደኛቸው ትዝ አሏቸው። እኒህ ሴት፣ ወይዘሮ ትርሓስ፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ ሲወጡ ጀልባቸው ተመትታ፣ እርሳቸው ከውሃው ወጥተው ሲተርፉ እናታቸውን በባሕር ላይ እንዳጡ አጫውተዋቸው ነበር። ጠይቀው ቢያጣሩ ያችው ጀልባ ሆና ተገኘች። ወይዘሮ ትርሓስም ወደ ቤታቸው መጥተው ከአቶ ፍቅረማርያም ፊት ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ በሬዲዮ የተጠሩት እርስዎ እንደሆኑ ማስረሻ ያውቅ ነበር» አሏቸው። «‹የሚፈልጉት ወንድሜን ነው› ብሎ ለእናቴ ነግሯታል። መድፉ ግን መጋዘኑን ማፍረስ ጀምሮ ነበር፤ እናቶች ለመኑት። እዚህ ከቆየን ማንም አይተርፍም አለና ጀልባዋን አስነሣት።»

አቶ ፍቅረማርያም «ፈርቶ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ። ሲያስነሣት ያለቅስ ነበር።»

በዚያን ጊዜ እርሳቸውም አለቀሱ፤ ወይዘሮ ኢየሩሳሌም ባላቸው ሲያለቅሱ ያዩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሚካል ጀልባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው፣ ሞተሩን ፈትተው ጠገኑላት። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሁላችንም ብርድ ነው ያልነው ሳል ጀምሯቸው፣ ትንፋሻቸው ደረጃ መውጣት እስኪከለክላቸው ድረስ እያጠረ ሄደ። ሐኪሞችም በወጣትነታቸው በመርከቦቹ ሞተር ክፍል የተነፈሱት የአስቤስቶስ አቧራ ይህን ሁሉ ዘመን በሳንባቸው ሽፋን ላይ አድፍጦ ኖሮ ካንሰር እንደሆነ ገለጡ። በሶልና ሆስፒታል በጥሩ ክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ ቆርበው፣ ቤተሰባቸውን መርቀው፣ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢየሩሳሌም፣ ልጆቻቸው ሚካልና ዕንባቆም፣ የልጅ ልጃቸው ርሆቦት፣ በዝዋይ የሚኖሩት እኅታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ እንደ ልጃቸው የቆጠሯቸው ወይዘሮ ትርሓስም በሐዘን ቀርተዋል። ወይዘሮ ደሚቱ ልጃቸው ማስረሻ አንድ ቀን ይመጣል እያሉ፣ እስኪሞቱ ድረስ ፍትሐት አላስፈቱለትም ነበር። አቶ ፍቅረማርያም በአልጋቸው ላይ ሳሉ የተናዘዙት የመጨረሻ ቃል፣ በእርሳቸው ቀብር ዕለት የወንድማቸው የክርስትና ስም አብሮ እንዲጠራ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ካህናት ዛሬ በክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤልና ገብረ መድኅን ብለው የሁለት ወንድማማቾችን ስም ይጠራሉ።

ቸሩ እግዚአብሔር የሁለቱንም ነፍስ፣ ከማስረሻ ጋር በባሕር የቀሩትንም ሁሉ፣ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ በዕረፍት ያኑርልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።