የመታጠፊያው መስታወት

ጋሽ መቀስ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሲሉ፣ አንዲት ወጣት ሴት ሱቃቸው ፊት ለፊት ጎንበስ ብላ አስፋልቱን በሜትር ስትለካ አዩ። እሳቸው ደግሞ እንኳን ይህን አይተው፣ ጎረቤት ቢያስነጥስ እንኳ ምክንያቱን ካልጠየቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። መቀስ የተባሉትም በልብስ ሰፊነታቸው ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም አለበት።

«አንቺ ልጅ፣ መንገዱን ምን ልታለብሺው ነው?»

ወጣቷ ሳቀች። «ጋሼ፣ ረሱኝ እንዴ? ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ውይ! የዳቦ ጋጋሪው ልጅ! እጅጌው አጠረኝ ብላ ቁም ስቅሌን ያሳየችኝ!»

ዛሬ የመንገድ መሐንዲስ ሆናለች። የመጣችውም የአውቶቡሱ ፌርማታ ከሱቁ ፊት ካለው መታጠፊያ ተነስቶ ቀጥታው መንገድ ላይ፣ ጤና ጣቢያው በር ጋ እንዲሆን ልታጠና ነበር። ይህን ስትነግራቸው የጋሽ መቀስ ፊት ተለዋወጠ። የገበያ ነገር ነዋ! ሱቃቸው ጎራ ብሎ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያስተክለው፣ ዚፕ የሚያስቀይረው አውቶቡስ ጠባቂው ነው።

«ጉሮሮዬን ልትዘጊው ነዋ! ፌርማታው እዚህ የተተከለው እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ምን አጎደለ?»

«እሱን ልጠይቅዎት ነበር። ይህ የልክ መስታወት ውጭ ምን ይሠራል?»

ጋሽ መቀስ ደረታቸውን ነፉ። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ሰልፈኛው አስፋልቱ ላይ ይፈሳል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ የሚመጣው ደግሞ አይታይም። ስለዚህ ድሮ ደንበኛ ራሱን ያይበት የነበረውን ትልቅ መስታወት አውጥተው፣ ወደ መታጠፊያው አዙረው በሩ ላይ አቁመውታል። አውቶቡስ ብቅ ሲል «ዞር በሉ! መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ሰዉም ይሸሻል።

«እስካሁን አንድ ሰው አልተነካም። ይህ ይናቃል?»

«ኧረ አይናቅም፣ እግዜር ይስጥልን! ግን ጋሼ፣ እርስዎ መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ ማን ያያል? ሲታመሙስ?»

«እኔ አልታመምም።»

«አይታመሙ። ደህና ቦታ የተተከለ ፌርማታ ግን ዘበኛ ይፈልጋል?»

«ስሚ እንግዲህ!» አሉ ጋሽ መቀስ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። ክርክር ከጣማቸው ዓለምን ይረሳሉ። ያን ጊዜ የጎማ ሲጥታ ጆሮ በጠሰ። ዘወር ቢሉ ባለቤታቸው በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው የጃንጥላ እጀታ ብቻ ይዘው ደርቀው ቆመዋል። ጃንጥላውን አውቶቡሱ ጠልፎት ሄዷል።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አሉ ሴትዮዋ። «ድምፅህን ስላልሰማሁ እኮ ነው የተሻገርኩት!»

ጋሽ መቀስ ሮጠው ሄዱ። ሚስታቸውን ደግፈው አምጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ አደጋን በብልሃት ሸፍኖ ሲኖር በብልሃቱ ይኮራል፣ አደጋውን ይረሳዋል።

«ውሰጂው ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ፌርማታሽን ውሰጂልኝ። ግን እኔስ ምን ልሁን?»

«አይቆጡኝና እውነቱን ልንገርዎት? እናቴ ልብሷን ሌላ ሰፈር የምታሰፋው የእርስዎ እጅ ጠፍቷት አይደለም። እዚህ ራሷን የምታይበት የላትማ!»

ጋሽ መቀስ ወደ መስታወቱ ዞረው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ፌርማታው ተዛወረ። ታማሚው ከአውቶቡስ ሲወርድ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው፤ ሰልፈኛው ሰፊ ቦታ ቆሞ ያወጋል፤ ሹፌሩም ከሩቅ ያየዋል። እርግጥ መጀመሪያ ሰሞን የጋሽ መቀስ ደጃፍ ጭር ስላለ መሐንዲሷን ሁለት ሦስቴ ረግመዋታል። መስታወቱ ወደ ሱቁ ተመልሶ ገብቶ ወሬው ሲዳረስ ግን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች።

ከሁሉ ቀድመው መስታወቱ ፊት የቆሙት ግን ባለቤታቸው ነበሩ። ዞረው ጀርባቸውን አዩና ጮኹ።

«አንተ! ይህን ሁሉ ዘመን ቀሚሴ ከኋላ ተንጋዶ ነው የኖርኩት?»

ጋሽ መቀስ ቀረብ ብለው አዩ። እውነትም ተንጋዷል። ዓይናቸው መንገድ መንገዱን ሲያይ ከርሞ ይህን የት አይቶት! እየሳቁ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳቡና «ነይ እስቲ፣ ቀጥ በይልኝ» አሏቸው።