በኮፍያ የተጋረደው ደጅ

አሜሪካ ውስጥ የፌርፋክስ ጎረቤቴ ከሆኑት ከእትዬ ዘነበች ጋር በክሩዝ መርከብ ሄደን አንዲት ደሴት ላይ ወረድን። እትዬ አዲስ አገር ሲረግጡ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ውሃ አይቀምሱም። መንገዱ ግን ዳር እስከ ዳር የቱሪስት ሱቅ ነው። በመጽሐፍ ያነበብኩት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ እሱም ኮፍያ መሸጫ ሆኗል፤ የድሮው በር በኮፍያ መደርደሪያ ተጋርዷል።

«በይ፣ ሻጩን መደርደሪያውን አንሳልን በዪው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ማለት የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። ሻጩ «ካልገዛችሁ እለፉ» ሲለን ግን ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ «እኚህ እናት ባሕር አቋርጠው የመጡት ይህን በር ሊሳለሙ ነው!» አልኩት። ሻጩ እትዬን ትንሽ አየና፣ «አያቴም ትስመው ነበር» ብሎ መደርደሪያውን ጎተተው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን ተሳለሙ። ዞር ስል ከኋላችን ቱሪስቱ ተሰልፏል። አንዱ፣ «ሰልፉ እዚህ ነው?» አለኝ።

እትዬ ምን እንዳለ ጠየቁኝና፣ «አዎ በዪው፤ ግን ኮፍያ ይወልቃል» አሉ።

ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። ሰልፈኛው ሁሉ አሁን የገዛውን ኮፍያ አወለቀ። ሻጩም ጭምር።