የሙሽሪት አባት እንባ

ከዳንግላ ቆሰበር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?»

«እንጃ ልጄ።»

«አዎ፣ ፌስቡክ ላይ! ሙሽሪትን ሲሸኙ የሚያለቅሱት አባት ነዎት። ‹የደስታ እንባ› የሚለው ፎቶ!»

«ልጄ ናት የለጠፈችው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«እኛ ቤት እኮ ሁላችንም አብረንዎት አለቀስን!»

«እናንተ አለቀሳችሁ፤ የሙሽራው ወላጆች ግን ተቀየሙኝ። ‹ልጃችንን ቢንቁት ነው ያለቀሱት› አሉ። ይኸው ላስረዳቸው እየሄድሁ ነው።»

«ታዲያ ልጅዎን አጥፊው አይሏትም?»

«ብያት ነበር። ‹አባዬ፣ ይህን ሁሉ ላይክ ያገኘ ፎቶ ማጥፋት ነውር ነው› አለችኝ።»

«ግን እውነት የደስታ እንባ ነበር?»

«ጫማው ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ጫማው ጠቦኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እግሬን ሲልጠኝ ዋለ።»

«ታዲያ እንዲህ ብለው ይንገሯቸዋ!»

«ጫማውን የገዙልኝ እነሱ ናቸው።»

ልጅቷ ስልኳን ስትነካካ ቆየች።

«አይጨነቁ አባባ። ፎቶው ሥር በትሕትና ጻፍሁልዎት። ‹ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አባታችን ያለቀሱት ንቀዋችሁ ሳይሆን የገዛችሁላቸው ጫማ ጠቧቸው ነው› ብያለሁ።»

«ይህን ማን ያየዋል?»

«ሁሉም ሰው ነዋ!»

«ኧረ ልጄ፣ በእመቤቴ አጥፊው!»

«እሺ አባባ... ውይ፣ ኔትወርኩ ሄደ።»

እኔ መንገድ ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ወራጅ ነበርሁ፤ ወሬያቸውን ስሰማ «ወራጅ አለ» ሳልል ከተማዋን አለፍኋት።