ቆመን እንፈተሻለን

ሥራዬ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በየማክሰኞው ከወደቡ ስድስት ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ቆሻሻውን እለካለሁ፤ በቀሩት ቀናት ጉምሩክ የሚልክልኝን የተጠረጠረ ዱቄት እመረምራለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው አባባል ለእኔ ተረት ሳይሆን የእንጀራዬ ጉዳይ ነው።

በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት አራተኛውን ጠርሙስ ስከድን ከጀርባዬ የቁጣ ድምፅ ሰማሁ።

«መረቡን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ የት ጠፋችሁ? ስንት ጊዜ ልናገር? ከውሃ እንደወጣ በሸራ ይሸፈን አላልኩም?»

የተናገሩት የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። አንዴ ከወሰኑ ንቅንቅ ስለማይሉ አገሩ ሁሉ አባ መልህቅ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ይወዱታል። ሠራተኞቹ ቁርስ ላይ ስለነበሩ ቁጣውን የሰማነው እኔና መረቡ ብቻ ነን። ትልቋ ጀልባቸው ከበኩር ልጃቸው ጋር ባሕር ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ዘወር ሲሉ አዩኝና ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ባለ ጠርሙሱ! እስክሪብቶ ይዘሃል? አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለብን፤ ይህን ፈርሜ መግባት አለብኝ።»

እስክሪብቶዬን ሳቀብላቸው ሌላ እጅ ቀደማቸው። የወንድማቸው ልጅ ነበረች። የጉምሩክ ፈታሽ ናት፤ ከሌሊት ተረኛነቷ ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው ያገኘችን።

«ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡልኝ፣ አጎቴ» አለች።

«አንቺ ደሞ ከየት መጣሽ?» አሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ዕፅ በማዘዋወር የተጠረጠረ ማንኛውም ጀልባ ያለ ማስጠንቀቂያ በባሕር ኃይል እንዲመታ የወጣውን ትእዛዝ ማኅበራችን በሙሉ ልቡ ይደግፋል።»

«በምን ይጠረጠራል?»

«ምልክቱ ከታች አለልሽ። መረብ የማይታይበት፣ ከሁለት በርሜል በላይ ነዳጅ የጫነ፣ ነጭ ጥቅል የደረደረ። ይህ ሁሉ ተሟልቶበት ጻድቅ ነው ልትዪኝ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«ተረቱ ጠርጥር ነው የሚለው፣ አጎቴ። የተጠረጠረ ይመንጠር አይልም።»

አባ መልህቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«ለአንቺ ጨዋታ ነው። ትንሹን ልጄን በሃያ ሦስት ዓመቱ የቀበርኩት እኔ ነኝ። አልጋው ላይ ሳገላብጠው የጎኑን አጥንት እቆጥር ነበር። ያንን ዱቄት ላመጣ ሰው ማስጠንቀቂያ ልስጥ? ለልጄ ማን አስጠነቀቀው?»

ልጅቷ ወደ አጎቷ ቀረብ አለች።

«እኔም ወንድሜን ነው የቀበርኩት» አለች ቀስ ብላ። «አብረን ነው ያደግነው።»

አባ መልህቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መርማሪ ነህ። እስቲ ፍረደን።»

ፍርድ የእኔ ሥራ ስላልሆነ ቁጥሩን ብቻ ነገርኳቸው። ባለፈው ዓመት ተጠርጥሮ የመጣልኝ ጥቅል ሰባ ሁለት ነው፤ ዕፅ ሆኖ የተገኘው ሠላሳ አንዱ።

«የቀረውስ?»

«ጨው፣ ኖራ፣ የዳቦ እርሾ። አንዱ የሕፃን ወተት ነበር።»

«ሠላሳ አንድ ትንሽ ነው እንዴ?»

«ትንሽ አይደለም። አርባ አንዱም ትንሽ አይደለም።»

«እናንተ የተማራችሁ! ጥላ ሥር ተቀምጦ መራራት ቀላል ነው።»

ልጅቷ በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔ ጥላ ሥር አልቀመጥም! በገመድ መሰላል ጀልባቸው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ጩቤ የተመዘዘብኝም እኔ ነኝ። እኔ እየፈራሁ ወጥቼ እፈትሻለሁ፤ እርስዎ እዚህ ቆመው በሰው እስክሪብቶ ይተኩሳሉ!»

በእስክሪብቶዬ ስም ትንሽ አፈርኩ። ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

«እሺ፤ ለአንድ አፍታ ባሕር ኃይል እርስዎ ይሁኑ። ይህን ትናንት የመሥሪያ ቤታችን ድሮን ነው ያነሣው። ይመታ ወይስ ይለፍ?»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከሰማይ የተነሣች ጀልባ ናት፤ ሰዎቹ የነጥብ ያህል ናቸው። አባ መልህቅ በጣታቸው እየቆጠሩ መረመሩ።

«መረብ የለም። አንድ፣ ሁለት... ሦስት በርሜል። ነጩንም ደርድረውታል። ኧረ ይሄ ዓይን ያወጣ ነው! ይመታ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አርባ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬያለሁ። ይመታ አልኩ!»

በሁለት ጣቷ ሥዕሉን አሰፋችው። «ሸራው ላይ ያለው ቢጫ ነገር ምንድን ነው?»

አባ መልህቅ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ከዚያ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። ቢጫው የሟቹ ልጃቸው የዝናብ ልብስ ቁራጭ ነው። ሸራው ሲቀደድ መርፌ ይዘው በገዛ እጃቸው የጣፉት እሳቸው ናቸው።

«ጀልባዬ ናት» አሉ።

«መረቡስ?»

«ከሸራው ሥር ነው። ሸፍኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«በርሜሉስ?»

«ዓሣው ስለራቀ... ሦስት ጫኑ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ነጩስ?»

«በረዶ ነው። እንዳይቀልጥ በላስቲክ ጠቅልሉት ያልኩት...» አልጨረሱትም።

መሪውን ማን እንደያዘ አልጠየቀቻቸውም። ሦስታችንም እናውቃለን።

አንባቢ፣ የገዛ ጀልባቸውን እንዴት አያውቁም ይል ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን አይተዋታል፤ ከላይ ግን አንድ ቀን አላዩዋትም። ሰው የገዛ ማጅራቱን አያውቅም። የጥርጣሬ ምልክት ሲያነብም የሚታየው የሌላ ሰው ፊት ነው።

ቢሆንም አባ መልህቅ ስማቸውን ያገኙት በከንቱ አይደለም። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀጠሉ።

«እሺ፣ እኔ ተሳሳትኩ። ታዲያ አዘዋዋሪው በሰላም ይለፍ? አበባ እንበትንለት?»

«ማን ይለፍ አለ? ለወንድሜ ዱቄቱን ይሸጥለት የነበረው ባለ መጋዘን እንዴት ተያዘ? ፍርድ ቤት ተቀምጠው ሰምተዋል።»

«ያ ጀልባ ነጂ አጋልጦት።»

«በሕይወት የያዝነው ጀልባ ነጂ! ያን ቀን ጀልባዋን አጋይተናት ቢሆን ስሙን ይዞ ይሰምጥ ነበር፤ ባለ መጋዘኑም ዛሬ ቁርሱን በልቶ በሩን ይከፍት ነበር። የሚመታው ተላላኪው ነው፣ አጎቴ። ላኪው ባሕር አይወጣም።»

አባ መልህቅ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«እስክሪብቶውን አምጪ።»

አመነታች።

«አምጪ አልኩ። ለፊርማ አይደለም።»

ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሰርዘው፣ ገልብጠው በጀርባው ለስብሰባው የሚሉትን ጻፉ። እኔም አምስተኛውንና ስድስተኛውን ጠርሙስ ትቼ ተከተልኳቸው፤ የዚያ ሳምንት መዝገቤ ጎዶሎ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በማኅበሩ አዳራሽ ወረቀቱን ሊቀበል የመጣው የባሕር ኃይል መኮንን የተሰረዘውን አይቶ ተቆጣ።

«እርስዎም ለዕፅ ነጋዴ ጠበቃ ሆኑ?»

«ስማኝ ልጄ» አሉት አባ መልህቅ። «አንተ ወረቀት ይዘህ ነው የመጣኸው፤ እኔ ልጅ ቀብሬ ነው። ስለ ዕፅ ክፋት ለእኔ አይነገረኝም። አስቁሙን፤ እንቆማለን። ፈትሹን፤ ሸራውን ገልጠን እናሳያለን። ካገኛችሁብን እሰሩን፤ ዳኛ ፊት አቁሙን። ሳታዩ እንመታለን ካላችሁ ግን ከዚህ ወደብ አንዲት ጀልባ መልህቅ አታነሣም። ከተማው ዓሣ ሲያምረው እናንተን ይጠይቅ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መኮንኑ ባዶ እጁን ሄደ።

ልጃቸው በማግሥቱ በሰላም ገባ። በሳምንቱ የማኅበሩ ጀልባዎች ሁሉ በሸራቸው ላይ፣ ሰው በሚያህል ፊደል፣ «ቆመን እንፈተሻለን» ተብሎ ተጻፈባቸው። ትእዛዙ እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ጽሑፉም አልተፋቀም። ጥቅሙን ግን በሁለት ወር ውስጥ አየነው። የጉምሩክ ጀልባ ስታፏጭ ሁሉም ስለሚቆም፣ አንድ ማለዳ ባሕር ላይ ከነበሩት አሥራ ሰባት ጀልባዎች አንዷ ብቻ ሸሸች፤ የሸሸችውን ለመለየት የማንም ምልክት አላስፈለገም። በላይዋ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች በሕይወት ተያዙ። ጭነታቸውን የመረመርኩት እኔ ነኝ፤ ዕፅ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ተናግሮ ላኪው ከነመጋዘኑ ፍርድ ቤት ቀርቧል።

ትልቋ ጀልባ ስትጻፍ ቆሜ አይ ነበር። ቀለም ቀቢው ለፊደሎቹ ቦታ ሲጠበው ቢጫዋን ቁራጭ በነጭ ሊሸፍናት ብሩሹን አነሣ። አባ መልህቅ እጁን ያዙት።

«ተዋት» አሉ። «እሱም ይታይ።»